ብርዱን የሚፈልግ ዛፍ

የማኅበራችን ኮሚቴ «ዘንድሮ ለአረጋውያን የሰበሰብነውን ገንዘብ በምን ላይ እናውለው?» ብሎ ጠይቆናል። እስካሁን የመጡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ልማዳችን በዓመቱ መጨረሻ እራት መጋበዝ ነው፤ ሁለተኛው ለእያንዳንዳቸው የሱፐርማርኬት ቫውቸር መስጠት። እኔ ሦስተኛ ሐሳብ አለኝ፦ የቼሪ ዛፍ እንግዛላቸው። በካምደን በየካውንስል ፍላቱ ለሚኖሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ በረንዳ ላላቸው በበረንዳቸው፣ ጓሮ ላላቸው በጓሯቸው፣ የሚያፈራ የቼሪ ዛፍ።

ይህን በዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ ስጽፍ የሳቅ ኢሞጂ ዘነበብኝ። አንዱ «ቡናውን ነው?» አለ። ሌላዋ «ብላክ ፎረስት ኬክ ላይ የምትቀመጠዋን?» አለች። ስለዚህ እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ መሳቅ የፈለገ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ይሳቅ።

እራቱን አልጠላም። አምና ከሽንኩርት መክተፉ እስከ እስክስታው ነበርኩበት። አዳራሹ ይሞቃል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ እናቶች ከዓመት በኋላ ተገናኝተው ይሳሳማሉ፣ ማታ ሲወጡ የተረፈው በፎይል ተጠቅልሎ ይያዝላቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን 364 ቀን አለ። ቫውቸሩም እንደዚያው ነው፤ ያስፈልጋቸዋል፣ ይጠቀሙበታል፣ ያልቃል። ሁለቱም ስጦታዎች የሚቀበለውን ሰው እንደ እንግዳ ነው የሚያዩት። እንግዳ ይጋበዛል፣ ስንቅ ይያዝለታል፣ ይሸኛል። በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ሠላሳ ዓመት እንግዳ ሆኖ የኖረውን ሰው ምን ልንለው ነው?

ማንን እያሰብኩ እንደምጽፍ እንድታውቁ የእናቴን የቆዩ ጓደኛ ላንሳ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው። ደርግ ሊወድቅ ሲል በሱዳን በኩል ወጥተው ለንደን ገቡ፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮም በአንድ ፍላት ውስጥ ይኖራሉ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር የለም። የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ፣ የማርያም ሥዕል፣ የልጃቸው የምርቃት ፎቶ፣ ሁሉም መደርደሪያው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ለምን እንደማይሰቅሏቸው ስጠይቃቸው፣ «የሰው ግድግዳ ነዋ ልጄ፤ ስንወጣ ምን ልንል ነው?» አሉኝ።

ስንወጣ። ይህቺን ቃል ያልሰማ የአበሻ ልጅ በለንደን ያለ አይመስለኝም። ሶፋው አይቀየርም፣ ምንጣፉ አይነሣም፣ ጓሮው ሣር ይወጣበታል፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እንወጣለን። ወላጆቻችንን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው። ቤታቸውን በአንድ ሌሊት ጥለው የወጡ ሰዎች ሌላ ቤት ላይ ልባቸውን ለማሳረፍ ቢፈሩ ይገባኛል። ነገር ግን ፍርሃቱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት በተለይ ከጡረታ በኋላ ነው። ሥራ ሲቆም፣ ልጆች ሲያገቡ፣ እግር ሲከብድ፣ የሚቀረው ያ የተጠበቀው የሰው ግድግዳ ነው።

«እነሱ እኮ ይተክላሉ፤ ጎመን አላየሽም?» ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። በየበረንዳው ጎመን አለ፣ ጤና አዳም አለ፣ መስኮት ሥር በሶብላ አለ። እትዬም በአሮጌ የቀለም ባልዲ ጤና አዳም አላቸው፤ ለቡና ስንሄድ ቀንጠብ አድርገው ሲኒያችን ውስጥ ይጨምሩልናል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ብቻ ጎመን የሚዘራ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ይበላል፤ ሻንጣውን ሳይፈታም ሊበላ ይችላል። ጤና አዳም ሲሸት ደግሞ ዓይን ጨፍኖ እዚያው የናት ቤት ደጅ መቆም ይቻላል። እነዚህ አትክልቶች እዚህ አገር መኖራችንን ለትንሽ ጊዜ የሚያስረሱን ናቸው። ቼሪ ያንን አያደርግም፤ የመረጥኩትም ስለዚህ ነው።

ቼሪ ብርድ ካላገኘ አያፈራም። በአጠቃላይ አነጋገር፣ ጣፋጩ የቼሪ ዓይነት በየዓመቱ ከ800 እስከ 1,200 ሰዓት ያህል ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ብርድ ይፈልጋል። በዚህ አገር ክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ብርዱን ቆጥሮ ሲበቃው ብቻ እንቡጡን ይከፍታል። አዲስ አበባ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ይህ ሒሳብ አይሞላለትም። በጋሞ ጨንቻ፣ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አፕል በደንብ ይበቅላል፤ እሱም ቢሆን ብዙ ብርድ የማይፈልጉት ዝርያዎች ናቸው። ኮክም በየደጋው ጓሮ የምናየው ብርድ ላይ እንደ ቼሪ ጥብቅ ስላልሆነ ነው። ቼሪ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ እኛ የምናማርረውን ያንኑ ጨለማና ብርድ ነው የሚፈልገው። ከኬንቲሽ ታውን ጣቢያ ወጥተን አንገታችንን ደፍተን ስንሮጥ እሱ ቆሞ ሰዓት እየቆጠረ ነው። «ይሄ ብርድ ለምን ፈጠረው?» ለሚሉት እናቶቻችን ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አበባው የሚፈነዳው በሚያዝያ፣ በፋሲካ ሰሞን ነው። ፍሬው በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል፤ አገር ቤት ዝናቡ በሚወርድበት፣ እዚህ ደግሞ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ብርሃን በሆነበት ጊዜ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ለመትከል ያላሰባችሁም ብትሆኑ ይህ ክፍል ይጠቅማችኋል።

ከሱቅ የሚገዛ የቼሪ ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው። ከላይ ፍሬ የሚሰጠው አንድ ዝርያ፣ ከታች ሥሩን የሚሰጠው ሌላ፤ ሁለቱ ተዳቅለው ነው የሚሸጡት። የዛፉን ቁመት የሚወስነው የታችኛው ነው። በእንግሊዝ የተለመደው ኮልት የሚባለው ሥር፣ ኬንት ውስጥ በኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ የወጣ፣ ለጓሮ ጥሩ ቢሆንም ለበረንዳ ይበዛል። ለእኛ የሚሆነው ጊሴላ 5 ነው፤ ጀርመን ጊሰን ከተማ የተገኘ፣ ዛፉን መሬት ላይ እንኳ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ የሚያቆም። በፖት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሲገዙ «ሥሩ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ጋ መሄድ ነው።

ስለ ዝርያው፣ ብዙ ጣፋጭ ቼሪዎች በአቅራቢያቸው ሌላ የሚስማማቸው የቼሪ ዛፍ ከሌለ አያፈሩም። በረንዳ ላይ ሁለት ዛፍ አይታሰብም። ደግነቱ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በሰመርላንድ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1968 ስቴላ የሚባል ዝርያ ወጣ፤ ብቻውን የሚያፈራ የመጀመሪያው ጣፋጭ ቼሪ እሱ ነው። ዛሬ ሌሎችም አሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ ስቴላን እመርጣለሁ። ፀሐይ የማይደርስበት፣ ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ላላቸው ደግሞ ሞሬሎ አለ። ሞሬሎ ጎምዛዛ ነው፤ ለማርማላታ እንጂ እንዲሁ ለመብላት አይሆንም። ጥላ ግን ይችላል። በካምደን ፍላቶች ወደ ሰሜን ያልዞረ በረንዳ ያገኘ ዕድለኛ ነውና ሞሬሎን አትናቁት።

ፖቱ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ከሥሩም ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ። አፈሩ ጆን ኢነስ ቁጥር 3 የሚባለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከበድ ያለ በመሆኑ ዛፉን ነፋስ አይጥለውም። ጓሮ ያላችሁ መሬት ላይ መትከል ትችላላችሁ፤ ሆኖም የሰሜን ለንደን መሬት ሸክላማ ነው፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ቼሪ ደግሞ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ይሞታል። ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ እዚያ ላይ መትከል ይሻላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ሥራቸው ያለ አፈር የሚሸጡ ችግኞች አሉ፤ በፖት ከሚሸጡት ይረክሳሉ። አንዱ ችግኝ የሚወስደው ገንዘብ ለሁለት ሰው ፎርቴስ ሮድ ላይ በየዓይነቱ ከመብላት ብዙ አይርቅም።

መግረዝ የሚገባው በበጋ ነው። ይህን አስምሩበት፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው ዛፍ የሚገርዘው ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ሥራ ሲፈታ ነው። ቼሪን በብርዱ ወራት ከቆረጡት ሲልቨር ሊፍ የሚባል የፈንገስ በሽታ በቁስሉ ይገባል፤ ቅጠሉ እንደ ብር ይነጣል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ለእኔ ይህ ከሆስፒታል ትምህርቴ ጋር አንድ ነው፤ ክፍት ቁስል መቼና የት እንደሚከፈት ማወቅ።

ከዚያ ወፎቹ። ፍሬው መቅላት ሲጀምር መረብ ካልተዘረጋበት በሁለት ጠዋት ያልቃል። ርግቡ አለ፣ ጥቁሯ ወፍ አለች፣ ከሃምፕስቴድ ሂዝ በጩኸት የሚመጡት አረንጓዴ በቀቀኖች አሉ። በነገራችን ላይ የእነዚህ በቀቀኖች ዘመዶች በእኛም አገር ቆላ ይኖራሉ፤ እዚህ ግን ማንም «መቼ ነው የምትመለሱት?» ብሎ አልጠየቃቸውም። መረቡ ተወጥሮ ይታሰር፤ ከላላ ወፍ ይጠላለፍበታል። ፍሬው ዛፉ ላይ ነው መብሰል ያለበት፤ ከተቀጠፈ በኋላ እንደ ሙዝ አይበስልም። ሲቀጠፍም ከነእንጨቱ ነው። የልጅ ልጆች ካሉ ደግሞ ፍሬውን ውስጥ ያለውን ድንጋይ እንዳይሰብሩና እንዳያኝኩ መንገር ያስፈልጋል፤ በውስጡ ሲያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ። ሳይሰበር የተዋጠ አንድ ሁለት ግን አያስጨንቅም።

ስለ ቤቶቹ ሕግ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ከ2017ቱ የግሬንፌል ታወር ቃጠሎ በኋላ በፍላቶች የጋራ መተላለፊያ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ በጥብቅ ነው የሚታየው፤ ትክክልም ነው። የማውቃቸው አንዲት እናት ሁለት የቲማቲም ፖቶቻቸው አንድ ቀን ጠዋት ከመተላለፊያው ተነሥተው ጠፍተዋል። ቲማቲሙ ሊቀላ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተከሉም። ስለዚህ ዛፉ የሚቀመጠው በራስ በረንዳ ወይም ጓሮ ብቻ ነው፣ ክብደቱም አስቀድሞ ይጠየቃል፣ ፈቃዱም በጽሑፍ ይሁን። ደብዳቤውን የምንጽፈው እኛ ነን። እንግሊዝኛችን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

«ለምን የአሎትመንት መሬት አንጠይቅም?» ያላችሁኝም አላችሁ። በ1908 የወጣው ሕግ ለነዋሪ የእርሻ ቦታ የማቅረብ ግዴታ በአካባቢ አስተዳደሮች ላይ ጥሏል፤ ግን በካምደን ቦታው ጥቂት፣ ወረፋው የዓመታት ነው። የሰባ ዓመት ሰው ወረፋ ይጠብቅ ማለት አይሆንልኝም። ይልቅ በግሬይስ ኢን ሮድ ያለውን የካልቶርፕ የማኅበረሰብ አትክልት ቦታ፣ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሄዳችሁ እዩ፤ በብሪታንያ የመጀመሪያው የከተማ እርሻም ከ1972 ጀምሮ እዚሁ ኬንቲሽ ታውን ነው ያለው። ከተማው መሐል አፈር መንካት ለዚህ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ለእኛ ነው።

ፖት መሬት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎማ አድርገውበት ይዞት የሚወጡት ነገር ነው፤ ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሻንጣ ነው» ብሎ ቀልዶብኛል። እውነት አለው፣ ግማሽ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሦስትና አራት ዓመት የማያፈራ ሻንጣ አይቼ አላውቅም። እትዬን ሦስት ዓመት እጠብቃለሁ ማሰኘት ከቻልኩ ለእኔ ብዙ ነው።

«የእኛ አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ በላይ ይገርመኛል። የእነሱስ መቼ ነበር? የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የፍራፍሬ ሹም ሪቻርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1533 ኬንት ውስጥ ቴንሃም ላይ ቼሪ ሲተክል ችግኙን ያስመጣው ከባሕር ማዶ ነው። የእኛን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ አለን። በደጋና በወይና ደጋ ደኖቻችን የሚበቅለው ጥቁር እንጨት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና፣ የቼሪና የኮክ የቅርብ ዘመድ ነው። ፍሬው መራራ ነው፣ የወፍና የዝንጀሮ ድርሻ። ቅርፊቱ ግን ለሽማግሌ ወንዶች የፕሮስቴት እብጠት መድኃኒት ተብሎ በአውሮፓ በእንክብል ይሸጣል፤ ከአፍሪካ የሚላከው ቅርፊት ዛፉን ስላመናመነው ከ1995 ጀምሮ ንግዱ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። አባቶቻችን ይህን እንክብል ከሱቅ ከመግዛታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለሽንት ችግር የዕፅዋት መድኃኒት አይመክርም፣ ሌሊት አራቴ መነሣት ደግሞ መመርመር ያለበት ነገር ነው። እዚህ ላይ ነርስነቴ ጎትቶኝ ነው፤ ይቅርታ። ዘመድ ባይኖረው እንኳ ሐሳቤን አልቀይርም ነበር። ሰው በኖረበት ቦታ የሚበቅለውን ለመትከል የዘር ሐረግ መቁጠር ያለበት አይመስለኝም።

ነርስነቴን ካነሣሁ አይቀር፣ በልምምድ የማየውን ታካሚ አልጽፍም፤ አይፈቀድምም። በክፍል የተማርኩትን ግን ልናገር። ኤንኤችኤስ ቆዳቸው ጥቁር ለሆነ ሰዎችና ብዙውን ጊዜ ከቤት ለማይወጡ፣ ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ መውሰድን እንዲያስቡበት ይመክራል። እናቶቻችን ሁለቱንም ናቸው። እንክብሉን ይውሰዱ፤ ከቤት የሚያወጣ እንክብል ግን የለም። ከ2019 ጀምሮ በየጂፒው ለብቸኝነት መድኃኒት ሳይሆን ሥራና ሰው የሚያገናኙ ሠራተኞች እየተመደቡ ነው። ላምቤት ውስጥ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ታካሚዎች በጂፒ ግቢዎች አትክልት የሚያበቅሉበት የጋራ ማኅበር አለ። ቴምዝን ተሻግሮ ያለውን እኛ የማንሞክርበት ምክንያት አይታየኝም። ዛፍ ያለው ሰው ጠዋት በረንዳው ላይ ይወጣል፣ ጎረቤቱ «ምንድን ነው?» ይለዋል፣ ፍሬ ሲደርስ ደግሞ አንድ ሳህን ይዞ በር ያንኳኳል። እኔ ያደግሁበት ፎቅ ላይ አሥራ አራት ዓመት በር አንኳኩቶ የመጣ ጎረቤት ሁለት ብቻ አስታውሳለሁ፤ አንደኛው ቧንቧችን አፍስሶበት ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት ስድስት ዛፍ ይበቃል። አራት ስቴላ፣ ሁለት ሞሬሎ፣ ሁሉም በጊሴላ 5 ላይ። እያንዳንዱ ዛፍ ለአንድ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ቤት ደግሞ ሁለት ተማሪ። የነርሲንግ ዲግሪ ሦስት ዓመት ነው፤ ዘንድሮ የገባ ተማሪ የተከለው ዛፍ በደንብ ማፍራት የሚጀምረው እሱ ሲመረቅ ነው። ስለዚህ ከተመረቃችሁት አንባቢዎቻችንም የምፈልገው አለ። ከእናንተ ገንዘብ እንጠይቅ የነበረው ለእራቱ ነው፤ አሁን የምጠይቃችሁ በሰኔ አንድ ቅዳሜ ነው፣ መረብ ለመዘርጋት ቁመት ያለው ሰው ያስፈልጋልና።

ያልፈታሁት ነገር ውኃው ነው። ፖት ውስጥ ያለ ዛፍ በሐምሌና በነሐሴ በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግማሻችን ልምምድ ላይ፣ ግማሻችን አዲስ አበባ ነን። ሰባት ሊትር ባልዲ ከኩሽና እስከ በረንዳ መሸከም ለሁሉም እናት አይሆንም፤ የትከሻና የወገብ ሕመም ያለባቸውን ለይተን ቀላል ማጠጫ መግዛት አለብን፣ ያም በበጀቱ ይግባ። እትዬን ጠይቄያቸው ነበር። ብዙ አሰቡ፣ ስለ ፖቱ ክብደት ጠየቁ፣ ስለ ግድግዳው ጠየቁ። መጨረሻ ላይ «ውኃውን አጠጣለሁ፤ ለወፍ ግን አልለፋም፣ መረቡን ቀድማችሁ አምጡ» አሉኝ። ችግኞቹ የሚታዘዙት ኅዳር ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ኮሚቴው በጥቅምት ስብሰባ ይወስን፤ መረቡን ከወዲሁ ገዝቻለሁ።